አንዳንዴ ብቻ የሚደክም ቱርቦ፦ የአንድ ፒክአፕ የሥራ ማስታወሻ

ሰኞ

ፒክአፑ ዛሬ ጠዋት ደብረ ብርሃን ያለው ጋራዤ ግቢ ገባ። ጃፓን ሠራሽ ነው፤ 2.5 ሊትር ናፍታ፣ ኮመን ሬል (ናፍታው በከፍተኛ ግፊት የሚረጭበት)፣ አንድ ቱርቦ (ነፋስ ጨምቆ ወደ ሞተሩ የሚያስገባው)። ባለቤቱን ሰፈሩ በሙሉ ጋሼ ነው የሚላቸው፣ እኔም እዚህ ላይ እንደዚያው እላቸዋለሁ። ከሸዋ ሮቢት ሽንኩርት ይጭናሉ፣ ደብረ ብርሃን ያራግፋሉ። መንገዱን የሚያውቅ ያውቀዋል። ሸዋ ሮቢት ከባሕር ወለል 1,280 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ደብረ ብርሃን 2,800ን አልፋለች፣ መሀል ላይ ደግሞ ጣርማ በር ከ3,000 በላይ ሆኖ ይጠብቅሃል። ጭኖ ያንን ዳገት የሚወጣ መኪና ቱርቦው ካልሠራለት ምኑን መኪና ሆነ።

ቅሬታቸው ይኸው፦ «አንዳንዴ እሳት ነው። አንዳንዴ ደግሞ ረግጬው ረግጬው ዝም ይለኛል፤ ቆይቶ ቆይቶ ከእንቅልፉ እንደተቀሰቀሰ ሰው ብድግ ይላል።»

ሁልጊዜ የሚያመው መኪና ይሻለኛል። ኮፈን ትከፍታለህ፣ ትፈልጋለህ፣ ታገኘዋለህ። አንዳንዴ የሚያመው ግን ጋራዥ በር ላይ ሲደርስ ይድናል፤ ባለቤቱም ዋሽቶ የመጣ ይመስል ያፍራል። ጋሼም እያፈሩ ነው የነገሩኝ።

ሌላ ቦታ አሳይተውት ነበር። «ቱርቦው አልቆለታል፣ ይቀየር» ተብለዋል። ሲነኩትም አላየሁም አሉ፣ ድምፁን ሰምተው ብቻ ነው የፈረዱበት። ዋጋውን ሲሰሙ ቁልፋቸውን ተቀብለው ወጡ።

እኔም ሳልነካው በፊት መጠየቅ ጀመርኩ። መቼ መቼ ነው የሚያደርገው? ሸዋ ሮቢት አካባቢ እምብዛም። ወደ ላይ ሲመጡ ይጀምረዋል። ደብረ ብርሃን ከተማ ውስጥ ባሰበት ነው። ከጫጫ ወዲያ ሜዳውን ይዘው ወደ አዲስ አበባ ሲሄዱ ግን ምንም የለበትም። ጠዋት በብርዱ ሲነሳም ደህና ነው። ቼክ ኢንጂን በርቶ አያውቅም። ጥቁር ጭስም የለም።

ረዳቴ ወዲያው «አየሩ ስስ ስለሆነ ነዋ!» አለ። ግማሹ እውነት ነው። ደብረ ብርሃን ላይ የአየሩ ግፊት 72 ኪሎፓስካል ገደማ ነው፤ ባሕር ዳርቻ 101 ነው። ቱርቦው ያንኑ ያህል ነፋስ ለማምጣት የበለጠ መሽከርከር አለበት፣ ስለዚህ ደጋ ላይ የማንም ቱርቦ ትንሽ ይዘገያል። ግን ይኼ መዘግየት ጠዋትም ማታም ያለ ነው። ጫጫና ደብረ ብርሃን ከፍታቸው ይቀራረባል። እዚያ እሳት ሆኖ እዚህ የሚደክም ከሆነ ጥፋቱ የተራራው አይደለም። ይህን ነገር ደብተሬ ላይ በትልቁ ጻፍኩት፣ ምክንያቱም እዚህ አገር የደከመ ሞተር ሁሉ «ከፍታው ነው» እየተባለ ይሸኛል።

ማክሰኞ

መጀመሪያ ቀላሉን። የነፋስ ፊልትሮው አቧራ ጠጥቶ ነበር፣ ተቀየረ። ለውጥ የለም።

ቀጥሎ የኢንተርኩለሩ ቱቦዎች። ቱርቦው የጨመቀው ነፋስ ኢንተርኩለር ገብቶ፣ ቀዝቅዞ፣ ሞተር እስኪደርስ ድረስ በጎማ ቱቦዎች ውስጥ ያልፋል። አንዱ ከተሰነጠቀ ነፋሱ መንገድ ላይ ይቀራል። የምሞክርበት ዕቃ እዚሁ የሠራሁት ነው፦ ቱርቦው መግቢያ ላይ የሚገጥም የፕላስቲክ የውሃ ቧንቧ ክዳን፣ መሀሉ ተበስቶ የጎማ ነፋስ መሙያ ቫልቭ የገባበት። ከጎረቤቴ ጎሚስታ የኮምፕሬሰሩን ቱቦ ተቀብዬ 1 ባር ሞላሁበት። ከዚያ በላይ መሙላት አያስፈልግም፤ ክዳኑ ተስፈንጥሮ ከወጣ ፊትህን ነው የሚያገኝህ፣ ስለዚህ ከፊት ለፊቱ አትቁም። ከዚያ የኦሞ አረፋ በብሩሽ እየቀባህ ታያለህ።

አንድ ክላምፕ (የቱቦ ማሰሪያ) ሥር ትንንሽ አረፋ ወጣ። አጠበቅኩት፣ ቆመ። ጋሼ ይዘውት ከተማውን ዞሩ። «ያው ነው» አሉ።

ሳስበውም እንደዚያ መሆን ነበረበት። የተሰነጠቀ ቱቦ ቀንና ቦታ አይመርጥም። በረገጥክ ቁጥር ይተነፍሳል፣ ያፏጫል፣ ብዙ ጊዜ ጭስም ያመጣል። እሱ ጫጫ ሜዳ ላይ አይድንም።

ረቡዕ

ዛሬ ተረኛው ራሱ ቱርቦው ነው። ሳላወርደው።

የመግቢያውን ቱቦ ፈትቼ ዘንጉን በጣቴ ነቀነቅኩት። ወደ ጎን ጥቂት ይላወሳል፣ ይኼ ጤና ነው፤ ዘንጉ በዘይት ላይ ስለሚንሳፈፍ ሞተሩ ሲጠፋ ትንሽ ክፍተት ይኖረዋል። ወደ ፊትና ወደ ኋላ ግን አይነቃነቅም። ክንፎቹ ግድግዳ አልነኩም፣ ጫፋቸው አልተበላም። ዘይቱም ስስ ቅባት ያህል ነው። አልቋል የተባለው ቱርቦ ይኼ ነው እንግዲህ።

ከዚህ በኋላ ያለውን ለመከተል አንድ ነገር ማወቅ ያስፈልጋል። የዚህ ቱርቦ የጭስ ክፍል ውስጥ የሚከፈቱና የሚዘጉ ትንንሽ ቅጠሎች አሉ። ሲጠጉ ጭሱ በጠባብ ቀዳዳ እየተወረወረ ቱርቦውን ቶሎ ያሽከረክረዋል፣ ገና በዝቅተኛ ዙር ጉልበት ይመጣል። ሲከፈቱ ጭሱ ዘና ብሎ ያልፋል፣ ቱርቦውም ይዘገያል። ቅጠሎቹን የሚያንቀሳቅሰው በአንድ ክብ ቆርቆሮ ውስጥ ያለ ጎማ ነው፤ ጎማውን የሚስበው ደግሞ ቫኪዩም ነው፣ ሞተሩ የሚያዞረው ፓምፕ አየር መጥጦ የሚፈጥረው ስቦት። ቫኪዩም ካለ ቅጠሎቹ ይጠጋሉ። ከሌለ ተከፍተው ይቀራሉ። እዚህ መኪና ላይ «ደከመ» ማለት ቅጠሎቹ በጊዜው አልተጠጉም ማለት ሊሆን ይችላል። ወይ ጥቀርሻ ይዟቸዋል፣ ወይ ጎማው ተቀድዷል፣ ወይ ደግሞ የሚስባቸው ኃይል አልደረሰም።

የእጅ ቫኪዩም ፓምፔን ቆርቆሮው ላይ ሰካሁ። ረዳቴ ይጨምቃል፣ እኔ በባትሪ መብራት ቆርቆሮውን ከቅጠሎቹ የምታገናኘውን ቀጭን ዘንግ አያለሁ። 0.2 ባር አካባቢ ላይ መንቀሳቀስ ጀመረች፤ 0.55 ሲደርስ ማቆሚያዋን ነካች። ሳትንገጫገጭ፣ በአንድ ወጥ እንቅስቃሴ። ያዝነው፤ መርፌው አልወረደም፣ ጎማው አልተቀደደም። ሞተሩን አሙቀን ደገምነው፣ ምክንያቱም ጥቀርሻ አንዳንዴ በሙቀት ነው የሚይዘው። ያው።

0.55 የምትለዋን ቁጥር ያዙልኝ፤ ኋላ ትመጣለች።

ለጋሼ ደወልኩ። «ቱርቦዎ ጤነኛ ነው።»

«እሰይ! ታዲያ ምን ሆነ?»

«እሱን ገና እየፈለግኩ ነው ጋሼ።»

«በል እንግዲህ ፈልግ። እኔ ቱርቦ አልገዛም።»

ሐሙስ

ስካነር (የመኪናውን ኮምፒዩተር የሚያነብ ዕቃ) ሰካሁ። የተመዘገበ የብልሽት ኮድ የለም። ሞተሩ ሳይነሳ ቁልፉን ብቻ ከፍቼ የግፊት ሴንሰሩን አነበብኩ፦ 72 ኪሎፓስካል። ረዳቴ ስልኩን አውጥቶ «እዚህ 100 መሆን አለበት ይላል፣ ሴንሰሩ ነው!» ብሎ ሊዘል ደረሰ።

አይደለም። ሞተሩ ሳይነሳ ሴንሰሩ የሚያነበው ውጭ ያለውን አየር ነው፣ ውጭ ያለው ደግሞ የደብረ ብርሃን አየር ነው። 100 የሚለው ቁጥር ለባሕር ዳርቻ ሰው የተጻፈ ነው። እዚህ 100 ቢያነብ ነበር የምደነግጠው። ለማረጋገጥ የስልኬን የግፊት መለኪያ ከፈትኩ፤ 717 ሄክቶፓስካል አለ፣ ያው 72 ኪሎፓስካል ማለት ነው። ተስማሙ። ስልካችሁ መለኪያው ካለው ይህን አድርጉ፣ ነፃ ነው። የአየር ሁኔታ አፕ ላይ የሚታየውን ቁጥር ግን አትመኑ፣ እሱ ወደ ባሕር ወለል ተስተካክሎ ነው የሚጻፈው። በዚህ የተነሳ ስንት ጤነኛ ሴንሰር ተነቅሎ እንደተጣለ ቤት ይቁጠረው።

ከዚያ እየነዳን አነበብን። ኮምፒዩተሩ የሚጠይቀው ግፊትና በርግጥ የመጣው ግፊት ጎን ለጎን። ሜዳ ላይ ሁለቱ ተያይዘው ይወጣሉ። ከተማ ገባን፤ ባጃጅና ጋሪ እየጠበቅን፣ የፍጥነት መቀነሻ ጉብታ እያለፍን። አንዱ ጉብታ ላይ ቀስ ብለን ወጥተን ጋሼ ሲረግጡት መጣ። ኮምፒዩተሩ ይጠይቃል፣ ቱርቦው ዝም። ሁለት ሦስት ሴኮንድ። የቫኪዩሙ ሶሎኖይድ (ኮምፒዩተሩ በኤሌክትሪክ የሚከፍተውና የሚዘጋው ቫልቭ) እስከ መጨረሻው ተከፍቷል፣ ኮምፒዩተሩ ሌላ የሚያደርገው ነገር የለውም። ከዚያ ግፊቱ በአንዴ ደረሰ። መዘግየቱ አጭር ስለሆነ ኮምፒዩተሩ ኮድ እስኪመዘግብ ድረስ አይቆይም፣ ቼክ ኢንጂንም ለዚያ ነው የማይበራው።

ስለዚህ የሚያዘው አለ፣ የሚታዘዘውም ጤነኛ ነው። መሀል ላይ ያለው ነው የጠፋው። ቫኪዩሙ።

ዓርብ

የዛሬው ረጅም ነው፤ ሥራው በሙሉ እዚህ ላይ ነው ያለው።

ወደ ሶሎኖይዱ በሚሄደው ቱቦ መሀል ቲ (ሦስት አፍ ያለው ማገናኛ) አስገብቼ የቫኪዩም ጌጅ ገጠምኩ። ቱቦውን በኮፈኑ ጠርዝ፣ ከዚያ በመስኮት አስገብቼ ጌጁን ክሩስኮቱ (ዳሽቦርዱ) ላይ በፕላስተር አጣበቅኩት። ጋሼ «ይኼ ደግሞ የግሉኮስ መስመር ነው?» አሉ።

ሞተሩ ሞቆ በዝግታ ሲዞር መርፌው 0.66 ላይ ቆመ። መጽሐፍ ላይ ብታዩት ይኼ ደካማ ፓምፕ ነው ትላላችሁ። እዚህ ግን ጎበዝ ነው። ቫኪዩም ማለት ከውጭው አየር ምን ያህል ጎደለ ማለት ነው፤ ውጭ 0.72 ባር (ያው 72 ኪሎፓስካል) ብቻ ካለ፣ የዓለም ምርጥ ፓምፕ ብታመጣም ከ0.72 በላይ ሊጎድል አይችልም። ሸዋ ሮቢት 0.87 ገደማ ስላለ እዚያ ያው ፓምፕ 0.80 ሊያሳይ ይችላል።

አሁን የረቡዕን ቁጥር አምጡ። ቅጠሎቹ ሙሉ በሙሉ እንዲጠጉ 0.55 ያስፈልጋል። ደብረ ብርሃን ላይ ያለን 0.66 ነው። ትርፋችን 0.11። ሸዋ ሮቢት ላይ ትርፉ 0.25። ጣርማ በር አናት ላይማ ከዚህም ያንሳል። ስለዚህ ቆላ ላይ የሚደበቅ ትንሽ የቫኪዩም ጉድለት ደጋ ላይ ይጋለጣል። ከፍታው በሽታውን አላመጣም፣ ግን መደበቂያውን ወሰደበት።

ወጣን። ሜዳው ላይ መርፌው ፍንክች አላለም። ሲረግጡት መኪናው ይሄዳል። ጋሼ እያሾፉብኝ ነው፣ «አየህ፣ አንተን ሲያይ ደህና ይሆናል» እያሉ። ወደ ከተማ ተመለስን። የመጀመሪያው ጉብታ ላይ ፍሬን ያዙ፣ ለቀቁ፣ ረገጡ። ዓይኔ መርፌው ላይ ነው። ፍሬኑ ሲያዝ ወረደች፤ 0.5፣ 0.4፣ ወደ 0.3 ተጠጋች። ከዚያ መመለስ ጀመረች። መጀመሪያ ፈጠን ብላ፣ ወደ ላይ በተጠጋች ቁጥር እየተጎተተች፣ 0.5 ላይ ስትደርስ የቆመች እስክትመስል። ጋሼ ረግጠዋል፣ መኪናው ዝም። 0.55ን ስታልፍ ፒክአፑ ወደፊት ወረወረን።

«ጋሼ፣ ፍሬኑን ይድገሙት።»

ያው። ሌላ ጉብታ፣ ያው። ፍሬን ሳይነኩ ማርሽ ብቻ ቀንሰው ሲረግጡ ደግሞ ምንም የለም፤ መርፌው እዚያው፣ ጉልበቱም ወዲያው። ለካ መኪናው «አንዳንዴ» አይደለም የሚያመው። ፍሬን በተያዘ ቁጥር ነው። ከተማ ውስጥ በየጉብታው ይያዛል። ከደብረ ሲና ወደ ጣርማ በር ሲወጣ በየጠመዝማዛው ይያዛል። ጫጫ ሜዳ ላይ ማን ይይዘዋል?

ምክንያቱ ይኸው ነው። የፍሬኑ ሰርቮ (ፔዳሉን ስትረግጥ የሚያግዝህ) እና የቱርቦው ቆርቆሮ ቫኪዩም የሚያገኙት ከአንድ ፓምፕ ነው። ፍሬን ስትይዝ ሰርቮው ውስጥ አየር ይገባል፤ ስትለቅ ፓምፑ ያንን አየር መልሶ መሳብ አለበት። ሰርቮው ትልቅ ነው፣ የቱርቦው ቆርቆሮ ትንሽ። እሱ እስኪጠግብ ይኼ ይጠብቃል። ጤነኛ መኪና ላይ ይህ ከሴኮንድ ያነሰ ነገር ስለሆነ ሹፌሩ አያውቀውም። እዚህ ላይ ግን የሆነ ነገር ስቦቱን አዘግይቶታል።

ቆም ብለን ጠየቅኳቸው። «ፍሬኑ ራሱ እንዴት ነው? ይደነድናል?»

«እሱማ ቁልቁለቱ ላይ ደጋግሜ ስይዘው ደንደን ይላል። አርጅቶ ነው ብዬ ትቼው ነው እንጂ። ደግሞ እኔ ቱርቦ ነው ያልኩህ፣ ፍሬን መች ጠየቅኸኝ?»

እዚያው መንገድ ዳር አንድ ሙከራ አደረግን፤ ማንም ሰው ሊያደርገው ይችላል። ሞተሩን አጥፍቶ ፔዳሉን እስኪደነድን መደጋገም፣ እግር ሳያነሱ ሞተሩን ማስነሳት። ጤነኛ ከሆነ ፔዳሉ ወዲያው ትንሽ ይሰምጣል። የጋሼ ፔዳል ሰመጠ፣ ግን ቀስ እያለ፣ እየተለመነ።

ከዚህ በኋላ ቱርቦውን ረሳሁት። በዚያ ፍሬን ሽንኩርት ተጭኖ ከጣርማ በር ወደ ደብረ ሲና የሚወረደውን ሳስብ ሆዴ ነው የተገላበጠው። የቱርቦው መድከም ዋናው በሽታ አልነበረም፣ ለፍሬኑ ደወል እየደወለለት ነበር። «ጋሼ፣ ይኼ መኪና ከዚህ ግቢ አይወጣም» አልኳቸው። ተከራከሩ። ቁልፉን ኪሴ ከተትኩ። አንድ ነገር ደግሞ ጠየቅኳቸው፣ ናፍታ ለመቆጠብ ፎሌ አድርገው (ማርሽ አውጥተው) ይወርዳሉ ወይ ብዬ። መልስ አልሰጡኝም፣ ሳቁ። ፎሌ ሲወረድ ሞተሩ በዝግታ ነው የሚዞረው፣ ፓምፑም ከሞተሩ ጋር ቀስ ይላል፣ ፍሬን ደግሞ ያኔ ነው ደጋግሞ የሚያዘው። በተለይ እንደዚህ የታመመ መኪና ላይ ፎሌ እብደት ነው።

ቅዳሜ

ዛሬ መለየት ነው። ፓምፑ ደክሟል? ሰርቮው ያስተነፍሳል? ወይስ መሀል ላይ ነው?

ሞተሩን አሞቅኩ። ጌጁን ፓምፑ አፍ ላይ፣ ያለ ምንም ቱቦ ሰካሁት። መርፌው ዘልላ 0.66 ሄደች። ፓምፑ ነፃ ወጣ። ሰርቮውን ለብቻው በእጅ ፓምፕ ሳብኩት፤ ያዘ፣ አላስተነፈሰም። አንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያስተነፍሰው ቫልቭም በአፍ ሲሞከር በአንድ በኩል ያሳልፋል፣ በሌላው ይዘጋል። የቀረው ከፓምፑ እስከ ቲው ያለው አንድ ክንድ የማይሞላ ጥቁር ቱቦ ነው። ጌጁን ከቱቦው ማዶ አድርጌ ሞተሩን አስነሳሁ። መርፌዋ ያንኑ የዓርብ አካሄዷን አመጣች፤ ትነሳለች፣ ትጎተታለች፣ መጨረሻው ላይ ታንቀላፋለች።

ቱቦው ከውጭ ሲታይ አዲስ ነው። አልተሰነጠቀም፣ ክላምፑ ጥብቅ ነው። ማንም አይጠረጥረውም። ስጨምቀው ግን ፓምፑ አጠገብ ያለው ጫፍ ከሌላው ይለሰልሳል። ፈታሁትና አፉን አየሁ፤ ቀዳዳው ጠብቧል፣ ግድግዳው አብጧል። በምላጭ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሰነጠቅኩት። ውስጠኛው የጎማ ሽፋን ከውጭው ተላቅቆ በአንድ በኩል ተንጠልጥሏል። በጣቴ ስነካው ያጣብቃል፣ የተቃጠለ ዘይት ይሸታል። ፓምፑ ሲስብ ያቺ የተንጠለጠለች ቁራጭ ተነስታ መንገዱን ትዘጋለች፤ ቀስ እያለ አየሩ ሲያልቅ በዳሯ ያሳልፋል። ሲቀዘቅዝ ጎማው ስለሚጠነክር አትነሳም። ጠዋት ጠዋት ጤነኛ የነበረው ለዚህ ነው።

ቱቦው የቫኪዩም ቱቦ አይደለም። ለራዲያተር ውሃ የሚሆን ጎማ ነው፣ በልኩ ተቆርጦ የገባ። ውፍረቱ ልክ ነው፣ መልኩም ልክ ነው። ግን የውሃ ጎማ ዘይት አይችልም፣ ያብጣል። ቫኪዩም ፓምፑ ደግሞ በሞተር ዘይት ነው የሚለሰልሰው፣ ትንሽ ዘይትም ወደዚህ መሳቢያ ቱቦ ይመለሳል። ማን እንደገጠመው ጋሼም አያስታውሱም። ቸኩሎ የገጠመው ሰው ለዕለቱ አድኗቸው ይሆናል፤ ግን ፍሬን የሚያገኝበት መስመር ላይ የተገኘ ጎማ አይገባም፣ አለቀ።

የተሰነጠቀውን ቱቦ አሳየኋቸው። አገላብጠው አዩትና «ይቺን ነው እንዴ በቱርቦ ልቀይራት የነበረው?» አሉ።

እሑድ

ሥራ የለም። የእህቴ ልጅ ምሳ ሊበላ መጥቶ ስለ መኪናው ጠየቀኝ፣ ነገርኩት። እሱ የሚያየው የስፖርት መኪና ብቻ ነው። «አጎቴ፣ ሁለት ቱርቦ ተራ በተራ የሚነፉባቸውስ? እነሱም እንዲህ ያደርጋቸዋል?»

ያደርጋቸዋል እንጂ፣ ያውም ይብሳል። በፈረንጅ 1990ዎቹ የወጡት ማዝዳ አርኤክስ ሰቨንና ቶዮታ ሱፕራ እንደዚያ ናቸው። በዝቅተኛ ዙር አንዱ ቱርቦ ብቻ ይነፋል፤ ሱፕራው ላይ 4,000 ዙር፣ ማዝዳው ላይ 4,500 ዙር አካባቢ ሲደርስ ሁለተኛው ይጨመራል። ማዝዳው ላይ ጌጅ ብትገጥም ግፊቱ ወደ 10 ፒኤስአይ (ሌላ የግፊት መለኪያ ነው) ወጥቶ፣ በመቀባበያው ላይ 8 ወርዶ፣ መልሶ 10 ሲገባ ነው ጤነኛ የሚባለው። ያንን ርክክብ የሚያደርጉት በቫኪዩምና በግፊት የሚሠሩ በሮች ናቸው፤ በሮቹን ደግሞ ሶሎኖይዶች፣ ትንንሽ ማጠራቀሚያዎች፣ አንድ አቅጣጫ ቫልቮችና ሞተሩ ላይ የተጠላለፉ ቀጫጭን ቱቦዎች ያዝዟቸዋል። እኛ አንድ ክንድ ቱቦ ፈልገን አምስት ነገር ፈታን። እዚያ ሁሉም ሙቀት ላይ ሆነው ሠላሳ ዓመት የደረቁ ናቸው። «ሁለተኛው ቱርቦ አንዳንዴ አይመጣም» የሚል ሰው ሲመጣ ቱርቦ ከማውረድ በፊት ቱቦና ቫልቭ ነው የሚፈተሸው፤ ያውም በሞቀ ሞተር ላይ።

«ታዲያ አንድ ቀን ሱፕራ ቢመጣልህስ?» አለኝ። ደብረ ብርሃን? በዚያ ጉብታ ላይ? ሆዱን ተቦጭቆ ነው የሚገባ።

ማክሰኞ

ቱቦው መጣ። እዚህ አጥቼ አዲስ አበባ ሱማሌ ተራ የሚያውቁኝ ልጆች ጋ ነበር የደወልኩት፣ በሚኒባስ ላኩልኝ። ለፍሬን ሰርቮ የተሠራ፣ ዘይት የሚችል፣ ውስጡ ክር ያለው። ስትጨምቀው አይሟሽሽም።

ሲገጠም ትልቅ ጥምዝ እንዳይኖረው፣ የቱርቦውን የጋለ ብረትም እንዳይነካ በሌላ በኩል አዞርኩት። የሶሎኖይዱ መተንፈሻ ላይ ያለችው ትንሽ ስፖንጅ አቧራ ይዛ ስለነበር አጠብኳት። ከቲው ወዲያ ያሉት ቀጫጭን ቱቦዎች ጫፋቸው ስለደረቀ ትንሽ ትንሽ ቆርጬ መልሼ ሰካኋቸው።

ሞተሩ እስኪሞቅ ዞርን። ያ የመጀመሪያው ጉብታ ላይ ጋሼ ፍሬን ያዙ፣ ለቀቁ። መርፌዋ 0.5 ወረደችና ወዲያው 0.65 ተመለሰች። ረገጡት፣ ሄደ። የፔዳሉን ሙከራ ደገምን፤ ሞተሩ ገና ሲነሳ ፔዳሉ ሰመጠ። ጋሼ ምንም አላሉም፣ ብቻ ከተማውን እየዞሩ ያለ ምክንያት ፍሬን ሲይዙ ዋሉ። ከኋላችን የነበረው ባጃጅ ሰድቦናል።

ሐሙስ

ባዶ መኪና ማስረጃ አይሆንም። ሸዋ ሮቢት አብሬያቸው ወረድኩ፣ ጌጁ ክሩስኮቱ ላይ እንዳለ። ቁልቁለቱን በማርሽ ወረድን፣ ፎሌ የሚል ነገር በአፋቸው አላለፈም። ሸዋ ሮቢት ሙቀቱ ውስጥ ቆመን ቁልፉን ብቻ ከፍቼ ሴንሰሩን አነበብኩ፦ 87። ሞተሩ ተነስቶ ቫኪዩሙ 0.80 አለ። የዓርቡ ሒሳብ ቁጭ።

ሽንኩርቱ ተጫነ። ደብረ ሲና ቆሎ ገዛን፣ ከዚያ ዳገቱ። በየጠመዝማዛው ፍሬን፣ ማርሽ፣ ረገጣ። ቱርቦው አንድም ቦታ አልጠበቀም። ጣሊያን የሠራው ዋሻ አጠገብ ጉሙ ወርዶ ቀስ ብለን አለፍን፤ እዚያ ላይ መርፌዋ 0.62 አካባቢ ነበረች። ትርፏ 0.07 ብቻ ነው፣ ቢሆንም ፍሬን ተይዞ ሲለቀቅ ከመቅጽበት ትመለሳለች። በድሮው ቱቦ እዚህ ቦታ ላይ ምን ትሆን እንደነበር ጋሼ ራሳቸው ነገሩኝ፦ «እዚህ ጋ ሲደርስ ሁልጊዜ እጸልያለሁ።»

በላይኛው ሜዳ ላይ የሚሰማው ትንሽ መዘግየት አለ አሁንም። እሱ የደጋው ድርሻ ነው፣ አይጠገንም። ጋሼ «ይቺስ?» ብለው ጠይቀውኛል፣ ነግሬያቸዋለሁ።

ጌጁን ላወልቅ ስል እንዲቆይ ጠየቁኝ፣ ወደውታል። ፕላስተሩን አንስቼ በደንብ አሰርኩላቸው። ፍሬን ተይዞ ሲለቀቅ መርፌዋ ሁለት እስኪቆጠር ካልተመለሰች መኪናውን አቁመው እንዲደውሉ ነው የተስማማነው። የፓምፑን ዘይት አመጣጥ በሚቀጥለው የዘይት ቅያሪ ላይ አየዋለሁ፤ ቱቦው ያን ያህል ያበጠው ዘይቱ በዝቶ ይሁን ዓመታት ቆይቶ ገና አልለየሁትም።